በጎን ሁለት መጨረሻ ያለው ሙሾ

ይህ የማወራችሁ ነገር ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። አንዲት ቃል ብዋሽ የጉና ብርድ ምላሴን ጨብጦ አይልቀቀኝ፤ በስንት ልፊያ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩባት ትምህርትም ከላዬ ላይ ትፋቅ። የማያምን ሰው ደብረ ታቦር ሄዶ ይጠይቅ። ከሄደ አይቀር ጃኬት ይያዝ።

ጊዜው 1993 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ማለቂያ ነው። ዝናቡ የከተማውን ዶሮዎች ዋና ያስተማረበት ክረምት። ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ፣ ከሸሪፍ ካሴት ቤት ደጃፍ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የአዝማሪ ዘውዱን አዲስ ካሴት ያንባርቅ ነበር። ካሴቱ "የጉና ብርድ" ይባላል። ጎን አንድ የፍቅርና የእሸት ዘፈን ነው፤ ገበያተኛው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ አንዲት በግ ሳትቀር ነቀነቀች ይባላል። ጎን ሁለት ሊያልቅ ሲል ግን ማሲንቆው ድምፁን ቀየረና ማልቀስ ጀመረ።

ከብቱን ስቆጥር ዋልኩ፣ ደከመብኝ ጎኔ፣
ራሱን የሚላጭለት፣ አንድ ሰው አጣ ዓይኔ።
ከጉና የወጣ፣ በደጋው የኖረ፣
ሞላ ያለ ዘመድ፣ ሜዳ ላይ አደረ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

"የትኛው ሞላ?"

"የጋፋቱ ነዋ! ልጅ ያልወለደው ባለ ብዙ ከብት።"

"ምን ሆኖ? ማክሰኞ ከኔ ጋር ጠላ ሲጠጣ አልነበር?"

"በቁሙ ሙሾ? ኧረ ነውር ነው!"

ሳቁ ተጀመረ። ሳቁ ሳያልቅ ከጋፋት በኩል ሁለት ገበሬዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው እየሮጡ ደረሱ። ከእግር መንገዱ በታች፣ ፈፋው ውስጥ፣ ሞላን ሞቶ አግኝተውታል።

ድምፅ ማጉያው አሁንም ያለቅስ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙላቴ ፈፋው ድረስ በእግሩ ወረደ። አንደኛው ጫማው ውሃ ያስገባል፤ ሌላኛው የገባውን አያስወጣም። ሬሳው ሁለት ቀን ያህል እዚያው አድሯል፤ ሐሙስ መሆኑ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በድንጋይ ተሰብሯል። ዝናቡ ዱካ የሚባል ነገር አላስቀረም። ሙላቴን ያስገረመው ሌላ ነው። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። ጋቢው ፊቱ ላይ ተስቦ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተቀምጦበታል።

"ወንበዴ ቢሆን ጋቢውን ይወስድ ነበር፤" አለ ለራሱ። "ይኼ ሰው ገድሎ አልብሶ ነው የሄደው።"

ወደ ከተማ ሲመለስ የጣቢያው ደጅ በሰው ተዘግቷል። የሞላ ዘመዶች ዘውዱን ከጠጅ ቤት ጎትተው ሊሰቅሉት ሲሉ ፖሊሶች ነጥቀው አስገብተውታል። ሰላሳ ሰው ይሆናሉ። ጋቢያቸው ሥር የያዙት ነገር ዱላ እንዳልሆነ አጣጣፉ ያስታውቃል። ከፊት የቆሙት የሟቹ ታላቅ የአጎት ልጅ አያ ዓለምነው ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ግን ከሙላቴ ይቀናል።

"አያ ዓለምነው፣ እባክዎ ሰዎቹን ወደ ቤት ይውሰዷቸው።"

"ቤት አለን ልጄ። እኛ ግን እዚህ ነን። ያ አዝማሪ መሞቱን ሰው ሳያውቅ አልቅሶለታል፤ ሜዳ ላይ ማደሩን ሳይቀር ዘፍኗል። ያልገደለ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ስትጨርሱ አውጡልን። ካልጨረሳችሁም አውጡልን።"

ዘውዱ በእስር ክፍሉ ጥግ ማሲንቆውን ታቅፎ ቁጭ ብሏል። ክፍሉ አንዲት መስኮት አለችው፤ በሷ በኩል የዘመዶቹ ጫማ ይታያል።

"መሞቱን በምን አወቅህ?" አለ ሙላቴ።

"አላወቅሁም ጌታዬ።"

"ታዲያ እንዴት አለቀስክለት?"

"እሱ ነው አልቅስልኝ ያለኝ።"

"ማን?"

"ሟቹ።"

ሙላቴ ብዕሩን አስቀመጠ። "ሟቹ መቼ ነው ያለህ?"

"ሳይሞት ነዋ! ከሞተማ በምን አፉ ይለኛል? ከሦስት ሳምንት በፊት ሸሪፍ ቤት ስቀዳ ገባ። 'ልጅ የለኝም፤ ስሞት ዘመዶቼ ከብቴን ሲካፈሉ ማልቀሱን ይረሱታል፤ ካሴት ግን አይለግምም፤ ቅዳልኝና ስሞት ታሰማልኛለህ' አለኝ። ግጥሙን እሱ ሰጠኝ፣ እኔ ተቀበልኩ። አዝማሪ ምን ሥራ አለው? የሰጡትን ይቀበላል። እስኪሞት ድረስ ላላወራ በመስቀል አስምሎኛል።"

"ምስክር?"

"ሟቹ።"

"ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ጠጅ ቤት። ያዩኝ ሰዎችም እነዚያ ናቸው፤" ብሎ በመስኮቱ ጫማዎቹን አሳየው። "እነሱ ሳይሆኑ ጎረቤቶቻቸው። አሁን ማንም አይቶኝ አያውቅም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጌታዬ፣ እባክዎ አይልቀቁኝ። እዚህም አያቆዩኝ።"

"ታዲያ ምን ላድርግህ?"

"እኔም የምጠይቅዎ እሱን ነው።"

ያን ዕለት አመሻሽ ስልክ ተደወለ። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተጠርጣሪው ወደ ባሕር ዳር ይወሰድ። ሙላቴ ስልኩን ዘግቶ በመስኮት አየ። መንገዱ አንድ ነው፤ ያለችው መኪና አንዲት ክፍት ፒካፕ ናት። ዘውዱ ጣቢያው ውስጥ ከቆየ በሕግ ሰኞ ይሄዳል፤ ከሄደ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ይቀራል። አዝማሪው አንድ ክፍል ውስጥ ታስሯል፤ ኢንስፔክተሩ ደግሞ ሦስት ክፍል ባለው ጣቢያ ውስጥ። ልዩነታቸው ይኸው ነበር።

እሑድ ጧት ሞላ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ፀጉር ቆራጩ ማሩ ባሕር ዛፍ ሥር በርጩማውን አስቀምጦ ሐዘንተኛውን በየተራ ሲላጭ ዋለ። ሙላቴ በሰበቡ ሰው ሲያነጋግር ዋለ።

መጀመሪያ የሺን አገኘ። የሺ የሞላ ፈት ናት፤ አምስት ዓመት ስለ ባሕር ዛፍ ተካስሰዋል፤ ባለፈው ሰኔ በሸንጎ ፊት "ፈፋ ይብላህ" ብላዋለች። ፈፋ በላው። ከዚህ የተሻለ ተጠርጣሪ ከየት ይመጣል?

"ሐሙስ የት ነበርሽ እቴ?"

"ወንዛዬ። ፍል ውሃ። ለጉልበቴ።"

"ማን አየሽ?"

"ኧረ ማን ያላየኝ አለ! ራቁቴን አይደል የምታጠበው? ሠላሳ ሴት አለች፤ ከፈለግህ ዝርዝሬን ይነግሩሃል። ማክሰኞ ወርጄ ትናንት ነው የተመለስኩት። አሽትተኝ ከፈለግህ፤ የድኝ ሽታው ገና አለቀቀኝም።"

ሙላቴ አላሸተተም። "ትጠይው ነበር አሉ።"

የሺ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "እጠላዋለሁ እንጂ። አልቅሼለታለሁ ደግሞ። ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውን ማየት የማይችል ሰው ነበር። እኔን አላየኝም። ባዩን አላየውም። ያ የእህቱ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያገለገለው አንድ ቀን 'ልጄ' አላለውም። 'ይህ ልጅ' ነው የሚለው፤ በሬ የሚጠራ ይመስል።"

ባዩ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሏል፤ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል። ዓይኑ ቀልቷል።

"አጎትህን መጨረሻ መቼ አየኸው?"

"ሐሙስ ጧት ጌታዬ። በቅሎውን ጫንኩለት። እኔ ወደ ጉና ወጣሁ፤ እዚያ ድንች አለን። ስቆፍር ዋልኩ።"

"ብቻህን?"

"ጭጋግ ነበር። ማን ማንን ያያል?"

"በቅሎዋ ብቻዋን ስትመለስ ምን አላችሁ?"

"ጠጥቶ የሆነ ቦታ አድሯል ብለን። ልማዱ ነው።"

"ሙሾ ማስቀዳቱን ታውቅ ነበር?"

ባዩ ቀና አለ። "ቅዳሜ በገበያ ነው የሰማሁት። እንደማንም።"

ሙላቴ ሁለቱንም ጻፈ። ጉና ላይ በነሐሴ ጭጋግ እንዳለ ማንም አይከራከርም፤ እዚያ ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሣ ገበሬው ኮፍያውን እሱ ላይ ይሰቅላል። ምስክርነቱ ግን አይጨበጥም።

ቀረ ሸሪፍ። ሸሪፍ ሱቁን ዘግቶ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከዘመዶቹ አንዱ በሩን በጠመንጃ አፈሙዝ አንኳኩቶበት ሄዷል።

"ኢንስፔክተር፣ ወላሂ እኔ ነጋዴ ነኝ። ጎን ሁለት ላይ ስድስት ደቂቃ ጎደለኝ። ካሴት ባዶውን ሲዞር ደንበኛ 'ተበላሽቷል' ብሎ ይመልሳል። ዘውዱ ከቀዳቸው ውስጥ አንዲት ሙሾ አገኘሁ፤ ሳልጠይቀው ሞላሁባት። ከመሞላቷ በቀር ምንም የማውቀው የለም።"

"ሲቀዳ አልነበርክም?"

"ዓርብ ነበር፤ ጁምዓ ሄጃለሁ። እኔ ሲቀዱ በሩን ከውጭ ነው የምቆልፈው። አለበለዚያ የሰፈሩ ሰካራም ሁሉ 'ዘውዱ ተቀበል!' እያለ ይገባል። ያን ቀንም አንድ ሰካራም ቀድሞ ሳይገባ አልቀረም፤ ጥሬው ካሴት ላይ ይጮኻል። ቆርጬ ጣልኩት።"

ሙላቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ከወዴት ጣልከው?"

"ከሚሸጠው ነዋ። ጥሬውማ አለ።"

መቅጃ ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው በብርድ ልብስና በበግ አጎዛ ተሸፍኗል፤ መስኮት የለውም። ሸሪፍ ካሴቱን አስገብቶ ተጫነና ወጣ፤ በልማዱም በሩን ከውጭ ቆለፈው። ሙላቴ "ኧረ ክፈት!" ብሎ ጮኸ። አጎዛው ጩኸቱን ዋጠው። ሸሪፍ ለሰላት ሄዷል።

በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ።

"ተቀበል ዘውዱ! እንዲህ በል... ራሱን የሚላጭለት፣ አንድ ሰው አጣ ዓይኔ። አልቅሰው እንጂ! ሠርግ ነው እንዴ?"

ሙላቴ ከሞተ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሰውየው ደግሞ ሙሾውን እያረመ ነው። "ሜዳ ላይ አደረ በል። እንዲከብዳቸው።" ሸሪፍ መጥቶ እስኪከፍትለት ድረስ ሦስት ጊዜ ሰማው፤ ማጥፊያውን በጨለማው አላገኘውም።

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ያካፋል። ፒካፑ ሞተሩ ተነሥቷል። ዘውዱ ካቴና እጁ ላይ ሆኖ ደፍ ላይ ቆሟል። ዘመዶቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። የከተማው ሰውም ለማየት ወጥቷል፤ ፀጉር ቆራጩ ማሩ ሳይቀር።

ሙላቴ የሸሪፍን ድምፅ ማጉያ በፒካፑ ኮፈን ላይ አስቀመጠ።

"ምን ልታሰማን ነው?" አሉ አያ ዓለምነው። "ዘፈን? በሐዘናችን ላይ?"

"አንድ ሰው ሊያነጋግርዎ ይፈልጋል፤ አያ። ሰምተው ሲጨርሱ መንገዱ የእርስዎ ነው።"

ካሴቱ ተንኳኳ፤ ሳሉ ተሰማ። ቀጥሎ ያ ድምፅ፦ "ተቀበል ዘውዱ! ዘመዶቼ ከብቴን ሲካፈሉ ማልቀሱን ይረሱታል..."

አንዲት ሴት ጮኸች። አያ ዓለምነው ጠመንጃቸውን ወደ መሬት አወረዱ። "ሞላ ነው፤" አሉ ቀስ ብለው። "የሞላ ድምፅ ነው።" ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ያሉት ሁሉ ተከተሉ፤ ባርኔጣ፣ ኮፍያ፣ ጥምጥም ወረደ። ሙታን ሲናገሩ ራስን ሸፍኖ የሚሰማ ማን አለ?

ዝናቡ በተላጩት ራሶች ላይ ወረደ። ትናንት የተላጩ ናቸው፤ እንደተላጠ ድንች ያብለጨልጫሉ። ሙላቴ ዓይኑን በላያቸው ላይ አሻገረ፤ አንዱ ላይ ሲደርስ አልነቃነቅ አለው። አንደኛው ራስ አያብለጨልጭም። እንደታጨደ የገብስ ማሳ ጠቁሮ ብቅ ብቅ ብሏል። የአንድ ሌሊት ፀጉር አይደለም።

ካሴቱን አቆመ።

"ማሩ! ትናንት ስንት ሰው ላጨህ?"

"ሃያ ዘጠኝ፤ ኢንስፔክተር። እጄ ዝሏል።"

"ባዩን ጨምሮ?"

"ባዩንማ ሐሙስ ነው የላጨሁት! ወደ ማታ ግድም በጭቃ ተለውሶ መጣ። 'ራሴን አመመኝ፣ አውርደው' አለኝ። ያን የመሰለ ጎፈሬ! እኔ እንኳ አዘንኩለት።"

የተናገረው ነገር ለራሱም የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። አፉን በእጁ ያዘ። ቅዳሜ የተገኘ ሬሳ፣ እሑድ የተላጨ ዘመድ፤ ባዩ ግን ሐሙስ።

ጎረቤት ለጎረቤት ቦታ እየለቀቀ ባዩ ብቻውን መሐል ቀረ። አልሸሸም። የት ይሸሻል? በፊቱ ፖሊስ፣ በኋላው ዘመድ ነው።

"ባዩ፤" አሉ አያ ዓለምነው።

"ልገድለው አልነበረም አያ።" ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። "ሐሙስ በቅሎውን እየሳብኩለት ነበር። ጉና አልሄድኩም። መንገድ ላይ ደስ ብሎት ግጥሙን አወረደልኝ፤ 'እንዴት ነው?' አለኝ። 'አንድ ሰው አጣ ዓይኔ' ሲል ቆምኩ። አሥራ ስድስት ዓመት አረስኩለት። እግሩን አጠብኩ። ሲታመም ተሸክሜ ጠበል አወረድኩት። 'እኔስ አያ?' አልኩት። 'አንተማ የሰው ልጅ ነህ፤ ቀን ቆጥረህ ትሄዳለህ' አለኝ። ያን ጊዜ እጄ ገፋው። በቅሎዋ ደነገጠች። ድንጋዩ..."

ሙላቴ ተጠጋው። "ዓይኑን ከድነህለታል።"

"አዎ።"

"ማንም ሳያውቅብህ ለምን ተላጨህ? ዝም ብትል አዝማሪው ሞቶልህ ነበር።"

ባዩ እጁን ወደ ራሱ አነሣ፤ ጎፈሬው ያለ ይመስል ዳሰሰው። "ጎርፉ ይወስደዋል ብዬ ነበር። ሬሳው ካልተገኘ አይለቀስለትም፣ አይላጩለትም። ልጅ የለውም ጌታዬ። እኔ ካልተላጨሁለት ማን ይላጭለት?"

አያ ዓለምነው ወደ ዘውዱ ሄዱ። አዝማሪው ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ትከሻውን ነኩት። "ውጣ ልጄ። ደም የለብህም።" ዘውዱ ግን ከደፉ ላይ አልነቃነቅ አለ፤ ዘመዶቹ አንድ በአንድ ሄደው መንገዱ ጭቃ ብቻ እስኪሆን ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ካቴናው ከሱ እጅ ወልቆ ባዩ እጅ ገባ። በዚያው ዕለት ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ባዩ እስከ መስከረም ደብረ ታቦር ቆየ፤ በዚያችው ክፍል፣ በዚያችው መስኮት ሥር።

ካሴቱ ግን ተሸጠ! ሸሪፍ ሌትና ቀን ቢያባዛ አልበቃ አለ። "ሟች ያስቀዳው" እያለ ሰው ከእስቴ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ ይመጣል። ጎን አንድን የሚሰማ ጠፋ። የሸሪፍ ሱቅ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ ቀን ከሌት "አንድ ሰው አጣ ዓይኔ" ይላል። ባዩ ከፍራሹ ጭድ እየመዘዘ ጆሮው ውስጥ ይወትፋል።

አንድ ቀን ሙላቴ እንጀራ ሲያስገባለት እጁን ያዘው።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ያቺን አንዲት ስንኝ ያስወጡልኝ። ሌላው ይቆይ። ውሸት ናት እኮ። አንድ ሰው ነበረው።"

ሙላቴ ዘውዱን ጠየቀ። ዘውዱ አንገቱን ደፋ። "ሌላ ግጥም ልሠራለት እችላለሁ ጌታዬ። የወጣውን ግን ማን ይመልሰዋል? በየሰው ቤት ገብቷል።"

ኢንስፔክተሩ መንገዱን ተሻገረ። "ሸሪፍ፣ እባክህ፤" አለ። ሸሪፍ ወደ መስኮቷ አየ፣ እጁን ሰድዶ መሰኪያውን ነቀለ። ደብረ ታቦር ጸጥ አለች። ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ባዩ ጭዱን ከጆሮው አውጥቶ፣ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ይህን ሁሉ በእውነት ነው የተናገርኩት፤ አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ሙላቴ ለምኗል፤ ሸሪፍም ነቅሏል። ጸጥ አለች ያልኩት ነው ውሸቱ። ሸሪፍ ሲያጠፋ ጎረቤቱ ሻይ ቤት ከፈተው። ሻይ ቤቱ ሲዘጋ የሐሙሲት አውቶቡስ እያለቀሰ መጣ።